የአየር ሁኔታ ዘገባን ለሚያጅቡ የስፖንሰር ስፖቶች ገጸ ባሕርያትን ከስፖንጅና ከጨርቅ መሥራት

ከቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ ዘገባ በፊትና በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች የሚታየው የስፖንሰር ስፖት ብዙ ጊዜ የድርጅቱ አርማና የአንባቢ ድምፅ ብቻ ነው። ሰው ውስጣቸው ገብቶ የሚያንቀሳቅሳቸው ፀሐይ፣ ደመና ወይም ነፋስ ሲጨመሩበት ግን ተመልካቹ ስፖቱን ከሌሎቹ ለይቶ ያስታውሰዋል፤ ልጆችም ገጸ ባሕርያቱን በስም መጥራት ይጀምራሉ። ይህ መመሪያ እነዚህን ገጸ ባሕርያት ከሐሳቡ ጀምሮ እስከ ርክክቡ ድረስ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። የልብስ ስፌት ማሽን፣ ስለታም ከተርና አየር በደንብ የሚገባበት ክፍል ያለው አነስተኛ የሥራ ቡድን ሊከተለው ይችላል፤ የሚያስፈልጉት ስፖንጅ፣ ጨርቅና ማስቲሽ አዲስ አበባ ውስጥ መርካቶ በቀላሉ ይገኛሉ።

1. ስፖቱ ከምን ጋር እንደሚተላለፍ ማጥናት

የመጀመሪያው ሥራ ንድፍ አይደለም። ስፖቱ የሚቀረጸው አንድ ጊዜ ሲሆን የሚተላለፈው ግን በየዕለቱ፣ ምናልባትም ለወራት፣ ከቀን ወደ ቀን ከሚለዋወጥ ዘገባ ጋር ተያይዞ ነው። የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና አብቅቶ የአየር ሁኔታው ሊቀርብ ሲል ፀሐይዋ እየሳቀች ስትጨፍር ከታየች በኋላ አቅራቢው በቦረና ዝናብ መቅረቱን ወይም በአዋሽ ተፋሰስ የጎርፍ ስጋት መኖሩን ቢናገር፣ የተመልካቹ ቅሬታ የሚያርፈው ገንዘብ በከፈለው ድርጅት ላይ ነው። ስለዚህ ገና ከጅምሩ የሚያዘው ውሳኔ ገጸ ባሕሪው የአየሩን ጥሩነት ወይም መጥፎነት እንዳይናገር ማድረግ ነው፤ መልኩም እንቅስቃሴውም ዘገባው ምንም ቢል አብሮ መሄድ አለበት።

ከውጭ የተቀዱ ንድፎች የሚያሳስቱት እዚህ ላይ ነው። በብዙ የአውሮፓ ሥዕሎች ፀሐይ ፈገግ ትላለች፣ ደመና ደግሞ ያኮርፋል፤ የዕረፍት ቀኑ ብሩህ እንዲሆንለት ለሚመኝ ከተሜ ይህ ያስኬዳል። በመጋቢት ሽቅብ የሚያይ የወሎ የበልግ ገበሬ ግን ደመና ሲቋጥር ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም፤ ያው ገበሬ ኅዳር ላይ እህሉ አውድማ ላይ ሳለ ያንኑ ደመና ሲያይ ይጨነቃል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ብሎ በሦስት ይከፍለዋል፤ ይሁን እንጂ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው በበልግ ሲሆን የጥቅምትና የኅዳሩ ደግሞ ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው። «በጋ መጣ፣ ፀሐይ ወጣች» የሚል ስፖት ለአዲስ አበባ ቢስማማም ለያቤሎ ስሕተት ይሆናል። ጣቢያው በመላ አገሪቱ የሚታይ ከሆነ ሦስቱን ገጸ ባሕርያት፣ ማለትም ፀሐይን፣ ደመናንና ነፋስን፣ በአንድ ስፖት ውስጥ በእኩል ማዕረግ ማቅረብ፣ ማንኛቸውንም አሸናፊ ወይም ተሸናፊ አለማድረግ፣ በእኔ እምነት ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ነው።

በረዶ፣ ውርጭና ጎርፍ ገጸ ባሕሪ ባይደረጉ ይመረጣል። አዝመራ ያወደመና ቤት ያፈረሰ ነገር በስፖንጅ ተሠርቶ ሲወዛወዝ ማየት የደረሰበትን ሰው ያስቀይማል።

2. ከስፖንሰሩና ከጣቢያው ጋር መስማማት

ርዝመቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን። የተለመደው አደራረግ ለመግቢያ 10 ሰከንድ፣ ለመውጫ ደግሞ 5 ሰከንድ መመደብ ሲሆን በሰከንድ 25 ምስል በሚያስተላልፍ ጣቢያ ይህ 250 እና 125 ምስል ማለት ነው። ከ10 ሰከንዱ ውስጥ አንባቢው «ይህን ዘገባ ስፖንሰር ያደረገው…» ብሎ ስም ለመጥራት አራት ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ ለገጸ ባሕሪው የሚቀረው ጊዜ አንድ ድርጊት ብቻ የሚያሠራ ነው፤ ደመናው ይገባል፣ ወንበር ይስባል፣ ይቀመጣል። ቀልድ ያለው ድርጊት ባይመረጥ ይሻላል፤ አንድን ቀልድ በየምሽቱ የሚሰማ ሰው ወሩ ሳይሞላ ይሰለቸዋል።

ገጸ ባሕሪው የስፖንሰሩን ዕቃ ይዞ «ግዙ» ማለት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። የአየር ሁኔታን ስፖንሰር ማድረግ በተለመደባት በብሪታንያ፣ አይቲቪ የተባለው አውታር በ1989 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የአየር ሁኔታ ዘገባውን ፓወርጄን በተባለ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ስፖንሰርነት ማቅረብ የጀመረ ሲሆን፣ የአገሪቱ የብሮድካስት ደንብ የቴሌቪዥን ስፖንሰር መግለጫ ተመልካቹን ወደ ግዢ የሚጠራ መልእክት እንዳይኖረው ይከለክላል። ደንቡ እኛን ባያስገድድም ልንከተለው የሚገባ ነው፤ ገጸ ባሕሪው ሻጭ ሲሆን የአየር ሁኔታው ዘገባ ራሱ የንግድ ወሬ መስሎ ይታያል። በዚሁ ምክንያት ገጸ ባሕሪው ካርታው ፊት መቆም ወይም ከአቅራቢው ጋር መነጋገር የለበትም። በእኛ ሕግ በኩል ደግሞ በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ስለከለከለ፣ ቀድሞ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ የማይሰስቱት ቢራ ጠማቂዎች ከደንበኞች ዝርዝር ወጥተዋል።

በስምምነቱ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር ይካተት፦ ገጸ ባሕርያት የሌሉበት፣ አርማና ድምፅ ብቻ ያለው አማራጭ ስፖት። ብሔራዊ ሐዘን ወይም ከባድ አደጋ በደረሰበት ምሽት ጣቢያው የሚያስተላልፈው ይህንኑ ይሆናል።

3. ንድፍ

ንድፉ በእርሳስ ከተሣለ በኋላ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል ድረስ ይቀነስ፤ በዚያ መጠን ፀሐይነቱ ወይም ደመናነቱ ካልታወቀ ቅርጹ መታረም አለበት። የዝርዝር ጌጥ ብዛት ቅርጽን አያድንም።

ስፋቱም ከበር ጋር መመዛዘን አለበት። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላላት ፀሐይ ዙሪያዋን 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ጨረሮች ቢጨመሩላት ጠቅላላ ስፋቷ 1 ሜትር ይሆናል፤ ብዙ የስቱዲዮ የውስጥ በሮች ደግሞ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ስለዚህ ጨረሮቹ በቬልክሮ የሚነቀሉና የሚተከሉ ሆነው ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ጨረርና የሚተከልበት ቦታ በጀርባ በኩል በቁጥር ይለያል።

4. የፀሐይዋን ጭንቅላት መቁረጥ

ክብ ነገርን ከዝርግ ስፖንጅ ለማውጣት ስምንት ቅጠል መሰል ቁራጮች ይዘጋጃሉ። የ60 ሴንቲ ሜትር ኳስ ዙሪያው 188.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ለስምንት ሲካፈል የእያንዳንዱ ቅጠል ወገብ 23.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ርዝመቱ ደግሞ የዙሪያው እኩሌታ፣ ማለትም 94.2 ሴንቲ ሜትር ነው። በካርቶን ላይ 94.2 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ መሐል መስመር ይሰመር፤ ከመሐሉ ተነሥቶ ወደ ላይም ወደ ታችም በየ15.7 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ይደረግበት። በወገቡ ላይ ስፋቱ 23.6፣ በመጀመሪያው ምልክት ላይ 20.4፣ በሁለተኛው ላይ 11.8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጫፉ ላይ ወደ ባዶ ይወርዳል። ነጥቦቹ በቀስታ በታጠፈ መስመር እንጂ በማስመሪያ አይገናኙም፤ በማስመሪያ የተገናኙ እንደሆነ ኳሱ ማዕዘን ያወጣል።

2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ለዚህ መጠን በቂ ነው። ከተሩ አዲስ ምላጭ ይኑረው፤ እጁም ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ ምላጩ ካዘነበለ ጠርዙ ተንጋዶ ስፌቱ ይከፈታል። ሲታጠፍ የስፖንጁ ውጫዊ ገጽ ስለሚለጠጥ የተገጣጠመው ኳስ ከውጭ ሲለካ 62 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ የጨርቁ ልባስ ፓተርን ለብቻው፣ 97.4 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 24.3 ሴንቲ ሜትር ወገብ ይዞ፣ በየጎኑም 1 ሴንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ተጨምሮበት ይዘጋጃል። ጨርቁ በስፖንጁ ልክ ተቆርጦ በግድ ሲወጠር ፊቱ ላይ ሽብሽብ ያወጣል፤ ይህን ደግሞ ካሜራ አይምርም።

ማስቲሽ በሁለቱም ጠርዝ ላይ በስሱ ተቀብቶ በጣት ሲነካ መጣበቁን እስኪያቆም ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ይቆያል፤ ከዚያ ጠርዞቹ ከመሐል ወደ ጫፍ እየተጫኑ ይገጠማሉ። አንዴ ከተነካካ ማስተካከል ስለማይቻል በሁለቱ ቅጠሎች ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በእስክሪብቶ ትይዩ ምልክት ማድረግ ብዙ ስፖንጅ ያድናል። ስምንቱ ቅጠሎች አራት አራት ሆነው ሁለት ግማሽ ኳስ ከሠሩ በኋላ ይዋሃዳሉ፤ ከታች በኩል የተዋናዩን ጭንቅላትና ውስጡ የሚገጠመውን የግንባታ ሄልሜት የሚያሳልፍ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ክብ ቀዳዳ ይከፈታል። የማስቲሽ ሽታ ራስ ያዞራል፤ በቀላሉም በእሳት ይያያዛል። መስኮት ተከፍቶ፣ የከሰልም ሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ በሌለበት ይሠራ፤ ተሠርቶ ካለቀም በኋላ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ማንም ሰው ጭንቅላቱን እንዳያስገባበት። ነጩ፣ በኤሌክትሮኒክስ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ጠንካራ አረፋ በማስቲሽና በስፕሬይ ቀለም ስለሚቀልጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

5. ፊት

ስሜቱ የሚወሰነው በዓይኖቹ ነው። ሁለቱ ጥቁር ብሌኖች ልክ በመሐል ከተቀመጡ ገጸ ባሕሪው ከተመልካቹ ጀርባ ያለ ግድግዳ የሚያይ ይመስላል፤ ሁለቱም በጥቂቱ፣ ለዚህ መጠን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ አፍንጫው ሲጠጉ ግን ዓይኑ ካሜራው ላይ ያርፍና ሕያው ይሆናል። ከመለጠፋቸው በፊት በቀላል ፕላስተር ተይዘው በካሜራ ይታዩ፤ በዓይን ትክክል የመሰለው ብዙ ጊዜ በስክሪን ላይ ሌላ ነው።

አፉ አጭርና ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ይሁን። ሰፊ ፈገግታ ያላት ፀሐይ በድርቅ ዜና ማግስትም ፈገግታዋን መሸከሟ የማይቀር ነው፤ ትንሽ የተከፈተ አፍ ግን በእጅና በአንገት እንቅስቃሴ ደስታንም፣ መገረምንም፣ ትኩረትንም ይገልጻል። ቅንድብ ከተጨመረ በቬልክሮ የሚለጠፍ ይሁን፤ አንዱን ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ለሌላ ስፖት ሌላ ጠባይ ይሰጣል።

ተዋናዩ የሚያየው በአፉ በኩል ነው። ቀዳዳው በጥቁር መረብ ይሸፈናል፤ ከመረቡ ጀርባ ያለው የጭንቅላቱ ውስጥም በጥቁር ጨርቅ ከለበሰ ውጭው ብሩህ ውስጡ ጨለማ ስለሚሆን ተመልካቹ አያየውም። ለመረቡ በፀረ ተባይ የተነከረ የወባ አጎበር ፈጽሞ አይወሰድ፤ የሚተነፈሰው በእሱ በኩል ነውና።

6. ውስጡ

ጭንቅላቱ በተዋናዩ ራስ ላይ የሚቀመጠው በግንባታ ሄልሜት የውስጥ ማሰሪያ አማካይነት ነው። ሄልሜቱ ፊት ለፊት ያለው ግርዶሽ ተቆርጦለት በአራት የስፖንጅ ድጋፎች ከኳሱ ጋር ይያያዛል፤ የአገጭ ማሰሪያም ይኖረዋል። ስፖንጁ ብቻውን ከ1 ኪሎ አይበልጥም፤ ክብደቱን የሚጨምሩት ጨርቁ፣ ጨረሮቹና ሙጫው ናቸው። ጠቅላላው ከ3 ኪሎ እንዳያልፍ በሚዛን ይረጋገጥ። ክብደቱ ወደ ፊት ካጋደለ ከኋላ በኩል ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ማሰር ያስተካክለዋል።

ከላይ በጨረሮቹ መካከል ሁለት የአየር መውጫ ቀዳዳ ይከፈት፤ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያም አየሩን ወደ ውጭ እንድታስወጣ ሆና ትገጠም። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ደንብ ነው፦ አንድ ተዋናይ በስቱዲዮ መብራት ሥር ከ15 ደቂቃ በላይ ጭንቅላቱን አድርጎ አይቆይም፣ ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ ያርፋል፣ ውኃ ይጠጣል፤ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ ረዳትም ከአጠገቡ አይለይም። ተዋናዩ እጁን ራሱ ላይ ሲያደርግ ቀረጻው ወዲያውኑ እንዲቆም ሁሉም ይወቅ። ስፖንጅ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ ከሚያቃጥሉት የድሮ መብራቶች ይልቅ በኤልኢዲ መቅረጽ ግዴታ ተደርጎ ይወሰድ።

7. ደመናና ነፋስ

ደመናው ከፀሐይዋ የሚቀለው ትክክለኛ ክብ ስለማይፈልግ ነው። የተለያየ መጠን ያላቸው ግማሽ ኳሶች በአንድ የስፖንጅ ኮት ላይ ይለጠፋሉ፤ በላያቸው ላይ የትራስ ሙሌት ተነጥሎ ይሰፋል። ፍጹም ነጭ አይሁን። በስቱዲዮ ብርሃን ነጩ ሁሉ አንድ ይሆንና ደመናው የተቀደደ ወረቀት ይመስላል፤ ለደመናው ቀለል ያለ አመድማ የመነሻ ቀለም ተመርጦ በጉብታዎቹ መካከል ያሉት ስርጉድ ቦታዎች ሰማያዊ በተቀላቀለበት ግራጫ ሲጠቁሩ ብቻ ነው ቅርጹ የሚወጣው።

ነፋስ አካል ስለሌለው የሚታየው በሚያንቀሳቅሰው ጨርቅ ነው። ከሽሮ ሜዳ የሚገኝ ሳሳ ያለ የሐበሻ ልብስ ጨርቅ በረጃጅም ቁራጭ ተሰድሮ ከትከሻና ከክንድ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከካሜራ ውጭ የተቀመጠ ማራገቢያ ያውለበልበዋል። ጥለቱ ግን ይቆረጥ፤ ጥቅጥቅ ያለ ደቃቅ መስመር በካሜራ ላይ ይርገበገባል፣ የማይፈለግ የቀለም ሞገድም ይፈጥራል።

8. ቀለምና መደብ

ገጸ ባሕርያቱ በአረንጓዴ መደብ ፊት ተቀርጸው አረንጓዴው በኮምፒውተር እየተነሣ ከኋላቸው ሰማይ ወይም መልክዓ ምድር የሚገባ ከሆነ ልብሳቸው ላይ አረንጓዴ አይኑር፤ ሰንደቅ ዓላማን የሚያስታውስ ጥብጣብ ለመጨመር የሚፈልግ ስፖንሰር ካለ ይህ አስቀድሞ ይነገረው፤ አለበለዚያ አረንጓዴው በሚገኝበት ቦታ ሁሉ የገጸ ባሕሪው ደረት ተበስቶ ከኋላ ያለው ተራራ ይታያል። የሎሚ ዓይነት ቢጫም በውስጡ ብዙ አረንጓዴ ስላለበት ያስቸግራል፤ ፀሐይዋ ወደ ብርቱካን ያደላ ቢጫ ትልበስ፣ ከተቻለም በሰማያዊ መደብ ለብቻዋ ትቀረጽ። ሰማያዊ ያለበት ደመና ደግሞ በአረንጓዴው ይቀረጻል። ሁለቱም ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር ርቀው ይቁሙ፤ ሲጠጉ የመደቡ ቀለም ጠርዛቸው ላይ ያንጸባርቃል።

9. ልምምድና ቀረጻ

ጭንቅላቱን ያደረገ ሰው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴው ከውጭ አይታይም። ሰላምታ በክንድ ሙሉ፣ መገረም በወገብ ጭምር ይገለጻል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ካለቀ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ያህል መቆም አለበት፤ ሳያቋርጥ የሚወዛወዝ ገጸ ባሕሪ ምን እንዳደረገ አይታወቅም። ልምምዱ በመጀመሪያ ያለ ልብስ በሰዓት ቆጣሪ፣ ቀጥሎ በጭንቅላቱ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ በሙሉ ልብስ ይካሄዳል።

ከሦስቱ ገጸ ባሕርያት ጋር የመግቢያውና የመውጫው ስፖት ሲቀረጽ በየአንዳንዱ መጨረሻ ላይ ሁለት ተጨማሪ ሰከንድ ዝምታ ይያዝ፤ አርማው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አርማውና ጽሑፉ ከስክሪኑ ጠርዝ በየአቅጣጫው 5 በመቶ ገብተው ይቀመጡ፤ ጠርዙን የሚቆርጡ የድሮ ቴሌቪዥኖች አሁንም በየቤቱ አሉ።

10. ርክክብና አያያዝ

ለጣቢያው የሚሰጠው ሙሉው ስፖት፣ ድምፅ የሌለው ቅጂና ገጸ ባሕርያት የሌሉበት አማራጭ ነው። ለስፖንሰሩ ልብሶቹ የሚሰጡ ከሆነ የማን ንብረት እንደሚሆኑ በውሉ ላይ ይስፈር፤ ገጸ ባሕሪውን ለባዛርና ለሱቅ ምርቃት ማከራየት የሚችለው ማን እንደሆነ በጊዜው ያልተጻፈ ከሆነ ጭቅጭቅ ያስነሣል።

ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ የጭንቅላቱ ውስጠኛ ጥቁር ጨርቅ ወጥቶ ይታጠባል፤ ስለዚህ ሲሰፋ ጀምሮ በቬልክሮ የሚነቀል ሆኖ ይዘጋጅ። ስፖንጁ አይነከርም፤ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ተጠርጎ በጥላ ይደርቃል። ጭንቅላቶቹ በአንገት ቀዳዳቸው በኩል ባልዲ ላይ ተደፍተው፣ ፀሐይ በማይነካቸው ቦታ፣ በስስ ጨርቅ ተሸፍነው ይቀመጣሉ፤ በላስቲክ የተጠቀለሉ እንደሆነ በክረምት ይሻግታሉ፣ ማስቲሹም ይላቀቃል። የተላቀቀ ጠርዝ ሲገኝ አሮጌው ማስቲሽ በጣት ተፍቆ ሳይነሣ አዲስ አይቀባበት።